ቆርኬው የጠፋበት ሜዳ፦ በጋሞ ምድር የተፈጥሮ ጥበቃ ያለፈበት መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አርባ ምንጭ ከተማ በምዕራብ የጋሞን ደጋማ ተራሮች ተደግፋ በምሥራቅ የስምጥ ሸለቆውን ሁለት ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ ቁልቁል የምታይ ከተማ ናት። ሐይቆቹን የሚለየውን፣ ሕዝቡ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ የሚጠራውን ጠባብ መሬት ተሻግሮ እስከ አማሮ ተራሮች ግርጌ የሚዘልቀው ሰፊ ሜዳ፣ በበጋ ወራት ሣሩ ደርቆ ከሩቅ ነጥቶ ስለሚታይ ነጭ ሳር የሚል ስም ወጥቶለታል። በዚህ ሜዳና በዙሪያው እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ሐይቆቹን በከፊል ጨምሮ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ የተቋቋመበትም ዋና ምክንያት በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ከመጥፋት ማዳን ነበር። ዛሬ ሜዳው በቦታው አለ፣ የሜዳ አህያውም አለ፤ ቆርኬው ግን የለም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ከፓርኩ ምሥረታ ቀድሞ በደጋው የነበረውን፣ ማንም በአዋጅ ያላወጀውን የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት አብሮ መመልከት ያስፈልጋል፤ የጋሞ ምድር በአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀት ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ የጥበቃ አስተሳሰቦችን ጎን ለጎን የያዘ ምድር ነውና።

የጋሞ ሕዝብ በጉጌ ተራራና በዙሪያው ባሉት ሰንሰለቶች ላይ ለዘመናት የኖረው «ደሬ» በሚባሉ፣ ቁጥራቸው ወደ አርባ በሚጠጋ የራስ አስተዳደር አገሮች ተከፋፍሎ ነው። ዶርዜ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ዶኮ፣ ጨንቻና ሌሎችም ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ደሬ የመሥዋዕትና የበረከት ባለቤት የሆነ «ካዎ»፣ በድግስና በሥርዓት ተሹሞ ለተወሰነ ጊዜ የአገሩን ደኅንነት የሚጠብቅ «ሀላቃ» እና ጉዳዮች ሁሉ በአደባባይ የሚመከሩበት «ዱቡሻ» የተባለ ሸንጎ ነበረው። ዱቡሻ የሚለው ቃል ስብሰባውንም የመሰብሰቢያ ቦታውንም ያመለክታል። ቦታው ብዙውን ጊዜ ያረጁ ዛፎች የከበቡት፣ ሣሩ የማይታረስ፣ የሽማግሌዎች መቀመጫ ድንጋዮች የተተከሉበት ሜዳ በመሆኑ፣ የፖለቲካው ሥርዓትና የመሬቱ ጥበቃ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር ማለት ይቻላል። ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ፣ ዴና ፍሪማን ደግሞ ስለ ዶኮ ያካሄዷቸው የአንትሮፖሎጂ ጥናቶች ይህን ሥርዓት ለውጭው ዓለም ሲያስተዋውቁ ትኩረታቸው በሸንጎውና በሹመቱ ላይ ቢሆንም፣ ለተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊም የሚጠቅም ብዙ ነገር ትተዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን «ጎሜ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው። ጎሜ ማለት የአባቶች ወግ፣ በጋሞኛ «ዎጋ»፣ ሲጣስ በሰውየው፣ በቤተሰቡ ወይም በአገሩ በሙሉ ላይ ይደርሳል ተብሎ የሚታመን መዘዝ ሲሆን፣ ቃሉ መተላለፉንም ከመተላለፉ የሚመጣውን ቅጣትም ይይዛል። ዝናብ ሲዘገይ፣ ከብት ሲታመም፣ ሴት ስትመክን ወይም እህል ሳያፈራ ሲቀር ሽማግሌዎች «ማን ምን ጣሰ?» ብለው ይመረምራሉ፤ የጣሰው ሰውም ጥፋቱን በሰው ፊት ተናዞ መካስ ይጠበቅበታል። የማይቆረጠውን ዛፍ መቁረጥ፣ ለግጦሽ የተተወውን የጋራ ሜዳ ማረስ፣ የመሥዋዕት ቦታን መድፈር ከጎሜ ጥፋቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህ ሥርዓት ደን ጠባቂም ወህኒ ቤትም አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው ሁሉም የሁሉን ድርጊት የሚያውቅበት፣ የአንዱ ጥፋት የሌላውን ዝናብ ያስቀራል ብሎ የሚያምን ማኅበረሰብ ነበር። እምነቱን የማይጋራ ዘመናዊ አንባቢ እንኳ ከውጤቱ አንጻር ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ጎሜ የዛፉን መቆረጥ የቆራጩ የግል ጉዳይ አድርጎ አያየውም።

በዚህ ሥርዓት ከመጥረቢያ የተረፉት ጥሻዎች በየዱቡሻው ዙሪያ፣ በመቃብር ቦታዎች፣ በምንጭ ራስና መሥዋዕት በሚቀርብባቸው ኮረብታዎች ላይ ተበታትነው ይገኛሉ። አብዛኞቹ ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር አያልፍም፤ ሆኖም እንሰት፣ ገብስና ስንዴ መላውን ደጋ በሸፈኑበት አገር ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ ወደ እርጅናቸው የሚደርሱት በእነዚህ ቁራሽ ደኖች ውስጥ ብቻ ሆኗል። ከጥንት ጀምሮ በደጋው ውስጥ የቆዩት የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም በጥንታዊነቷ የምትታወቀው ብርብር ማርያም፣ በሰሜን ኢትዮጵያ እንደሚታወቀው ሁሉ በዙሪያቸው ያለውን ዛፍ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ስለዚህ በጋሞ የባህላዊው እምነት ደንና የቤተ ክርስቲያን ደን በአንድ ተራራ ላይ ተጎራብተው ይታያሉ። ከደኑ ሌላ የጋራ የግጦሽ ሜዳውም ራሱን የቻለ ጥበቃ ነበረው፤ ሣሩ ለከብት፣ ከብቱ ለፍግ፣ ፍጉ ለእንሰት፣ እንሰቱ ለሰው ስለሚሆን ሜዳውን ማረስ የደጋውን ኑሮ ሰንሰለት መበጠስ ነበር።

ቆላው ግን በሌላ ዓይነት ዘበኛ ይጠበቅ ነበር። በአባያና በጫሞ ዳርቻ ያለው መሬት የሰው ወባና ገንዲ የሚባለው በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታ ስለነበረበት፣ የደጋው ገበሬ ጥጥ ለመዝራትና ለማደን ይወርዳል እንጂ አያድርበትም ነበር። ለዚያ ምድር አራዊት ለዘመናት ትልቁ ከለላ ትንኟ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ቆላው ሰው አልባ አልነበረም፤ በአባያ ላይ ያለችው የጊዲቾ ደሴትና በጫሞ ላይ ያሉት ደሴቶች ጉማሬ አዳኝና ዓሣ አጥማጅ የሆኑ አነስተኛ ሕዝቦች መኖሪያ ነበሩ፤ ከነጭ ሳር በስተምሥራቅ ባሉት የአማሮ ተራሮች የኮሬ ገበሬዎች ሰፍረዋል፤ ሜዳውንም የጉጂ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች እንደ ወቅቱ ከብቶቻቸውን እያሰማሩበት፣ ማዕድን ያለውን የሆራ ውኃ እያጠጡበት ይጠቀሙበት ነበር። በኋላ ዘመን የተነሣው ውዝግብ በሙሉ የሚመነጨው ካርታ ያነሡት ሰዎች ይህን ሜዳ ባዶ አድርገው በማየታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው ላይ ተከታትለው የመጡት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ክፉ ቀን፣ የመንግሥት መስፋፋትና ጠመንጃ፣ የአራዊቱን ዕጣ ለወጡት። «ደስታ» የተባለው የቀንድ ከብት ወረርሽኝ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ሰኮናቸው የተሰነጠቀ የዱር እንስሳትንም የሚገድል በመሆኑ፣ በታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው ከ1888 እስከ 1892 በነበረው የረሃብ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ የሣር ሜዳዎች ላይ የነበረውን የአራዊት ብዛት አመንምኖታል። በእነዚሁ ዓመታት አካባቢ ሃራልድ ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በሱማሌ ምድር ሲዘዋወርና ሲያድን በሜዳ ላይ በመቶዎች ተሰብስበው የሚግጡ ቀይ ቡናማ ቆርኬዎችን አይቶ ናሙናቸውን ወደ ለንደን በመላኩ፣ እንስሳው እ.ኤ.አ. በ1892 በስሙ ተጠራ። ቆርኬ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ረዥም፣ ሜዳ ላይ በቡድን የሚኖርና አጭር ሣር የሚወድ የሚዳቋ ዘመድ ነው። ስዌይንን ያስጠራው ይህ ዝርያ ከሱማሌ ምድር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ጠፍቶ፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ጥቂት ሜዳዎች ብቻ ተወስኖ ቀረ።

ወደ ሐይቆቹ የደረሱት ጣልያናዊ አሳሾችም ከአራዊቱ ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 በቡርጂ አቅራቢያ ሲያድን በዝሆን ተገደለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥቲቱ ስም ማርጌሪታ፣ ጫሞን ደግሞ በሟቹ ልዑል ስም ሩስፖሊ ብሎ ሰየማቸው። ስሞቹ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለአሠርት ዓመታት ሲቆዩ በአገሬው አፍ አንድም ቀን አልገቡም። ልዑሉን የገደለው ዝሆን ዘሩ ዛሬ በነጭ ሳር የለም፤ የዝሆን ጥርስ ንግድ ከደቡብ ወደ ማዕከላዊ ገበያ የጎረፈበት ዘመን ነበርና። ይህ ንግድ ያሳሰበው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1909 ዝሆን ማደንን ለመቆጣጠር ደንብ ማውጣቱ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዱር እንስሳት ሕግ ተደርጎ ይጠቀሳል። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1944 የአደን አዋጅ ተከተለ። ሁለቱም ስለ አዳኙ ፈቃድና ስለ ግብሩ እንጂ ስለ እንስሳው መኖሪያ ብዙ አይናገሩም፤ መኖሪያውን መጠበቅ እንስሳውን ከመጠበቅ እንደሚቀድም የገባው ትውልድ ገና አልመጣም ነበር።

ያ ትውልድ የመጣው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ የመጣበትም ጊዜ ቆላውን ሲጠብቅ የኖረው የትንኝ ዘበኝነት በመድኃኒት ርጭት ከተሰበረበት ጊዜ ጋር ገጠመ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ እስከዚያ ድረስ ብርድና ጭጋግ በማይለያት በጨንቻ ነበር፤ ገዥው ደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ መቀመጫውን ወደ ታች አውርደው፣ ከተራራው ሥር የሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ስም ባወጡላት በአርባ ምንጭ አዲስ ከተማ አቋቋሙ። ከተማዋ በላይኛው ደረጃ ሴቻ፣ በታችኛው ሲቀላ ተብላ በሁለት ተከፍላ አደገች፤ ከደጋው መሬት የጠበባቸው ገበሬዎች ላንቴን በመሳሰሉ የሐይቅ ዳር ሰፈሮች ሰፈሩ፤ ጥጥና ኋላም ሙዝ የቆላውን ጥሻ እየመነጠሩ ተስፋፉ። የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት ጥጥ የሚበቅልበት ቆላ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰው ቆላ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ቡድን የኢትዮጵያን የተፈጥሮ ሀብት አጥንቶ ጉዳዩ ጊዜ እንደማይሰጥ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አሳወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሌስሊ ብራውንና ኢያን ግሪምዉድ ለፓርክነት የሚመቹ ቦታዎችን መርምረው ምክር አቀረቡ። በዚህ መነሻነት የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ አዋሽና ሰሜን ተራሮች በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። የነጭ ሳርን ሜዳ የመረመረው በድርጅቱ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሜልቪን ቦልተን ነበር፤ ቆርኬው፣ የሜዳ አህያው፣ ሜዳ ፍየሉና አጋዘኑ በአንድነት የሚታዩበት ይህ ሜዳ ጥበቃ እንደሚገባው የእርሱ ጥናት አሳመነ። በሰንቀሌ፣ ከሻሸመኔ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ቆርኬዎች በእርሻ መስፋፋት እየተከበቡ በመምጣታቸው፣ ፓርኩ በተመሠረተበት በ1974 አካባቢ ከዚያ የተያዙ ቆርኬዎች በመኪና ተጭነው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ተወሰዱ። የመኪናው ጉዞ ለዘመኑ ድፍረት ነበር፤ ሐሳቡም ግልጽ ነበር፤ አንዱ ሜዳ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በለሆሳስ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ብሔራዊ ፓርክ የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1872 በአሜሪካ የሎውስቶን ከተጀመረ ወዲህ በሕግ የተወሰነ መሬት፣ ነዋሪ የሌለበት፣ ጠባቂውም መንግሥት የሆነ ቦታ ማለት ነበር፤ ነጭ ሳር ግን ከተመሠረተ በኋላ ለአሠርት ዓመታት በነጋሪት ጋዜጣ ሳይታወጅ ኖረ። ስለዚህ በደጋው ያልተጻፈው ሕግ ዛፉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እያንዳንዱ ልጅ እንዲያውቅ ሲያደርግ፣ በቆላው በጽሑፍ ይኮራ የነበረው ሕግ ወሰኑን በጽሑፍ ሳያጸና ቀረ። ስካውት የተባሉት የፓርክ ጠባቂዎች በአንድ በኩል መሣሪያ የታጠቁ፣ በሌላ በኩል የሚጠብቁት መሬት በሕግ ያልጸናላቸው ሰዎች ሆኑ።

የወሰኑ አለመጽናት ሰዎችን ከማስነሣት ግን አላገደም። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 የጉጂ አርብቶ አደሮችን በኃይል ከሜዳው አስወጣ። መንግሥቱ በ1991 ሲወድቅ የሸሹት ተመለሱ፤ የተመለሱትም ቂም ይዘው ነበር። በመላው አገሪቱ በዚያ የሥልጣን ክፍተት ወራት በፓርኮች ላይ የደረሰው ዝርፊያና ግድያ የታወቀ ነው፤ የፓርክ ጽሕፈት ቤት የወደቀው መንግሥት ጽሕፈት ቤት ተደርጎ ስለታየ፣ እንስሳውም የመንግሥት ንብረት ተደርጎ ታየ። ቆርኬው ሕይወቱን የከፈለበት ይህ ነው፤ ማንም እርሱን ጠልቶ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሕግ ሁኔታ ይበልጥ የተወሳሰበ ሆነ። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ክልሎች በብሔር በተዋቀሩበት በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ ጋሞዎች፣ ኮሬዎችና ጉጂዎች የሚገናኙበት የፓርኩ ምሥራቃዊ ክፍል የግጦሽ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ወሰን ጥያቄ ሆነ። በየካቲት 2004 የፌዴራሉና የደቡብ ክልል መንግሥታት በኔዘርላንድሳዊው ባለሀብት ፖል ፌንተነር ፋን ፍሊሲንገን ከተመሠረተው የአፍሪካ ፓርኮች ድርጅት ጋር ውል ተፈራርመው የነጭ ሳርን አስተዳደር አስረከቡት፤ መንግሥትም ፓርኩን ከሰው ነጻ አድርጎ ለማስረከብ ቃል ገባ። በዚያው ዓመት ከ1,000 በላይ የኮሬ ቤተሰቦች ከፓርኩ በስተደቡብ ወዳሉት አቡሎና አልፋጮ ሰፈሮች ተዛወሩ፤ በኅዳር ወር ደግሞ ከ400 የሚበልጡ የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸውን በጊዜው የወጡ የሰብአዊ መብት ሪፖርቶች ገለጹ። ድርጅቱ ማስነሣቱ የመንግሥት ሥራ መሆኑንና እርሱ እጁ እንደሌለበት ሲናገር፣ ተቺዎቹ ደግሞ ባዶ መሬት ለመረከብ የተስማማ ወገን መሬቱ እንዴት ባዶ እንደሆነ አላውቅም ሊል አይችልም አሉ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለተኛው ወገን ይበልጥ ትክክል ይመስላል። መሥራቹ በ2006 ሞቱ፤ ድርጅቱ በ2007 መጨረሻ ከኢትዮጵያ ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። የሰፈሩት ኮሬዎች በአዲሱ ቦታቸው ቀሩ፤ ብዙ ጉጂዎች ግን በሜዳው ላይ ወይም በጠርዙ ላይ ስለነበሩ፣ ፓርኩ ወደ መንግሥት እጅ ሲመለስ ጥያቄው እንዳለ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሜዳው ራሱ ይለወጥ ነበር። የነጭ ሳር አፈር በዝናብ የሚጨቀይ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሣርና ቁጥቋጦ የማያቋርጥ ትግል ያደርጋሉ። እሳትና ግጦሽ በልክ ሲሆኑ ሣሩን ያግዛሉ፤ እሳት ሲከለከል ወይም ግጦሽ ሲበዛ ደግሞ ግራር መሰሎቹ ቁጥቋጦዎች ያሸንፋሉ። በሜዳው ላይ እየገባ ያለው ቁጥቋጦና ከውጭ የመጣው ቅንጬ አረም በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ለምን እንደገባ ግን አንዱ ከብት በዝቶ ነው፣ ሌላው አርብቶ አደሩ በወቅቱ ይለኩሰው የነበረው እሳት ተከልክሎ ነው ይላል። ሁለቱም የሚሉት ከፊል እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ጥፋቱ በአንዱ ላይ የሚያርፍ ቢሆን ኖሮ መፍትሔውም ቀላል ይሆን ነበር። ቆርኬ ጠላቱን ከሩቅ የሚያይበት ገላጣ ሜዳ ስለሚፈልግ፣ ቁጥቋጦው በገፋ መጠን የእርሱ ቦታ እየጠበበ ሄደ። ከ2010 አካባቢ የተደረጉ ቆጠራዎች ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር ሆኖ እንዳገኙት አመለከቱ፤ ከዚያም ከሜዳው ፈጽሞ ጠፋ።

ሜዳው ለዓለም የሰጠው ሌላ እንቆቅልሽም እዚህ ላይ ቢነሣ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ1990 ፓርኩን ሊያጠና የመጣ የካምብሪጅ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ቡድን በመንገድ ላይ በመኪና የተጨፈለቀ፣ በሌሊት ነፍሳትን እየበረረ የሚያድነው የናይትጃር ወገን የሆነ ወፍ አገኘ፤ ከተጨፈለቀው አካል የተረፈውን አንድ ክንፍ ይዞ ሄደ። በ1995 ክንፉ ከማንኛውም የታወቀ ዝርያ ጋር እንደማይመሳሰል ተጽፎ፣ ወፉም በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው «ሶላላ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው። በዓለም ላይ ያሉ ወፍ ተመልካቾች ለዚህ ወፍ ሲሉ ወደ ነጭ ሳር መጡ፤ ስለ ፍለጋውም መጽሐፍ ተጻፈ። አንድ ክንፍ ይህን ያህል ዝና ሲያተርፍ ፓርኩ የተመሠረተለት ቆርኬ ያለ ሐዘንተኛ መጥፋቱ የዘመናችን የጥበቃ ፍላጎት ምን እንደሚስበው የሚያሳይ ነገር አለው።

ከሜዳው በስተምዕራብ፣ ከከተማዋ ሥር፣ ለአርባ ምንጭ ሰዎች ከቆርኬው ይልቅ የሚቀርበው የከርሰ ምድር ውኃ ደን አለ። ይህ ደን ስሙን ያገኘው ዝናብ ሳይሆን ከተራራው ሥር የሚወጣው የምንጭ ውኃ ስለሚያለመልመው ነው፤ ሾላው፣ ዋንዛውና ሌላው ግዙፍ ዛፍ በደረቅ ቆላ መካከል ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጉሬዛ፣ ዝንጀሮና ድኩላ ያስጠልላል። ከተማዋ የምትጠጣው ከዚሁ ምንጭ ነው፤ የምታበስለውም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ደን እንጨት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወደ ደኑ ወርደው የእንጨት እስር በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት ሴቶች በፓርኩ መዝገብ ሕገ ወጥ ሲሆኑ በከተማዋ ኑሮ ውስጥ የማይተኩ ነበሩ። እነርሱን ከመቅጣት ይልቅ ሌላ ነዳጅ ማቅረብ እንደሚሻል ለመረዳት ብዙ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ ሆኖም የጥበቃው ወግ ለረጅም ዘመን ያዘነበለው ወደ መጀመሪያው ነው።

ጫሞ በኩልፎ ወንዝ መግቢያ አካባቢ «አዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ በሚሰበሰቡት አዞዎች ይታወቃል። በዚህ ሐይቅ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለቆዳው ሲባል አዞ በብዛት ሲታደን የነበረ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ በአባያ ዳርቻ የተቋቋመው የአርባ ምንጭ የአዞ እርባታ ጣቢያ የተለየ መንገድ መረጠ፤ እንቁላሉንና ጫጩቱን ከዳርቻው ሰብስቦ በማሳደግ ቆዳውን መሸጥ፣ የዱሩንም አዞ ከጥይት ማትረፍ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ባይሳካም፣ ገንዘብ የሚያመጣ እንስሳ ጠበቃ እንደማያጣ አሳይቷል። ለቆርኬው ያልነበረው ይህ ነበር፤ በሜዳው ዳር ከሚኖረው ሰው ጋር ምንም ጥቅም አያገናኘውም፣ ሥጋው ለተራበ ሰው ከሚሰጠው በቀር።

የሐይቆቹ ጤና ደግሞ በፓርኩ ወሰን ውስጥ የሚወሰን አይደለም። አባያ ዓመቱን ሙሉ ቀይ የሚመስለው ወንዞቹ በሚያመጡት ደለል ነው፤ ሃሬና ባሶ ከጨንቻ በኩል፣ ቢላቴና ሌሎቹ ከሰሜን አፈር ያወርዳሉ። በደጋው የጋራ የግጦሽ ሜዳ ሲታረስና የምንጭ ራስ ጥሻ ሲመነጠር የሚታጠበው አፈር በመጨረሻ የሚያርፈው በአዞውና በቆረሶው ቤት ውስጥ ነው፤ የእምቦጭ አረም በአባያ ዳርቻ መታየቱም ከአፈሩ ጋር የሚመጣው የአልሚ ንጥረ ነገር መብዛት አንዱ ምልክት ነው። ስለዚህ የጎሜ ሕግ በደጋው ዛፉን ሲጠብቅ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሳያስቡት፣ በቆላው ሐይቁንም ይጠብቅ ነበር።

ይህን ማለት ግን የደጋውን ሥርዓት እንደ ተሰበረ ገነት መሣል አይደለም። ደሬዎች በመካከላቸው ይዋጉ ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከዱቡሻ ተገልሎ ይኖር ነበር፤ ጥሻው የተጠበቀውም ለዛፉ ሲባል አልነበረም። ሥርዓቱም አልዘለቀም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆንና ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበራት ሲዞር ሀላቃውና ካዎው ስሙ ብቻ ቀረ፤ መሥዋዕትና ወግ «ጎጂ ልማድ» ተብሎ ተወገዘ፤ የወንጌላውያን እምነት ሲስፋፋ ደግሞ አንዳንዱ ምእመን አሮጌውን ዛፍ መቁረጥን የእምነቱ ማረጋገጫ አድርጎ ቆጠረው። ሕዝብ በዝቶ መሬት ሲጠብም የጥሻው ጠርዝ በየዓመቱ በአንድ ፈር ተሸረሸረ። ይሁንና ጥቂት የማይባሉት ጥሻዎች ዛሬም ቆመዋል፤ ከቆሙትም ብዙዎቹ የሚገኙት ሽማግሌዎቹ የሚከበሩበት፣ ዱቡሻውም አሁንም የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያና መፈናቀል የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንበርከክ ወጣቶቹን መመለሳቸው አገር ያየው ነው። ለአብዛኛው ተመልካች ሣሩ የሰላም ምልክት ነበር፤ ከዱቡሻ ጋር ሲታይ ግን የማይታረስ ሜዳ ሣር ነው፣ የአገሩን ሕግ የሚወክል።

ቆርኬው ራሱ ግን ከጋሞ ምድር ጨርሶ አልጠፋም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከደጋው ጀርባ፣ የማዜ ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 220 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሟል። ከዳራማሎ፣ ከኩቻና ከካምባ ወረዳዎች ጋር የሚዋሰነው ይህ ፓርክ ቀድሞ በፈቃድ የሚታደንበት ክልል ነበር፤ ለጎብኚ የማይመች፣ መንገዱ አስቸጋሪ፣ ስሙም ከነጭ ሳር ጋር የማይወዳደር ነው። የሜዳ አህያ የለውም፣ ሁለት ሐይቅም የለውም፣ ከላይ ሆኖ የሚታይበት ሆቴልም የለውም። የስዌይን ቆርኬ ግን ዛሬ ከሰንቀሌ ጋር ዋና መኖሪያው ያደረገው ይህን ሸለቆ ነው፤ በመኪና ተጭኖ ያልመጣ፣ ከጥንትም እዚያው የነበረ መንጋ።